ከድንበር ማዶ ለሚያመለክት ተማሪ የትምህርት ገንዘብ

ከመተማ ተነሥቶ ሐዋሳ ወይም ጅማ በመንግሥት የተመደበ ተማሪ ከክልሉ በመውጣቱ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት ውል ፈርሞ ይማራል፤ ሲመረቅና ሥራ ሲይዝ ድርሻውን ይከፍላል። ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ለተሻገረ ወጣት ግን ይህ በር ይዘጋል። ሱዳን ውስጥ የውጭ አገር ዜጋ ስለሆነ፣ ክፍያው የሚወሰነው በተመዘገበበት መደብ ነው።

በባሱንዳና በገዳሪፍ እርሻዎች አንድ ማሳ ላይ ሰሊጥ ሲያጭዱ የሚታዩ ሁለት ኢትዮጵያውያን በወረቀት ላይ አንድ አይደሉም። አንዱ ወቅት ጠብቆ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ሌላው ከኡምራኩባ ወይም ከቱናይድባ ካምፕ የወጣ ስደተኛ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ድጋፍ የሚያገኘው ሁለተኛው ነው፤ እሱም ከተመዘገበ።

ዋነኛው ድጋፍ ዳፊ የሚባለው ስኮላርሺፕ ነው። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው ሲሆን የሚመራው በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ነው። ስደተኛው በተጠለለበት አገር የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲማር የትምህርት ክፍያውን፣ መጻሕፍቱንና የኑሮ ወጪውን ይሸፍናል። ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ፣ ሌላ ረዳት አለመኖርና የዕድሜ ጣሪያን አለማለፍ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ሲያስብ ወረቀቱን ይረሳል። በዕድሜ ጉዳይ የሚፈጠረውን ስሕተት ብቻ እንይ፦ በ1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ሲመዘገብ «1996» ብሎ ቢናገርና ጸሐፊው እንደ ፈረንጅ ዘመን ቢጽፈው፣ በመታወቂያው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ነጥቡ ቢያምርም ዕድሜው ሊጥለው ይችላል። በዐረብኛ የተጻፈው ስሙ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ካልገጠመም ሌላ ጣጣ ይከተላል። እነዚህ የሚታረሙት የስኮላርሺፑ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ በማመልከቻ ሰሞን ጊዜ አይበቃም።

ቋንቋም አለ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሱዳን መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው በዐረብኛ ስለሚያስተምሩ፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ ሰው ገንዘብ አግኝቶም ሊቸገር ይችላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ደግሞ የአገሪቱን ከፍተኛ ትምህርት አናግቶታል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ስደተኛ ሌላ መንገድ ሊኖረው ይችላል። ዩኒኮር የተባለው የጣሊያን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀመር የተቀበለው ኢትዮጵያ ውስጥ የተጠለሉ ስደተኞችን ነበር፤ ትምህርቱ የማስተርስ ነው።

የስደተኞች ኮሚሽኑ አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው። ቅጽ ለማስሞላት ወይም ስም ለማስገባት ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ አጭበርባሪ ነውና አይከፈለው።