ለከባድ ሰው የመጀመሪያ የኮርስ ሳይክል ስንት ንፋስ ይበቃል?

በሳይክል ጎማ ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው «ይህን ያህል ንፋ» የሚል ትእዛዝ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ «ከዚህ አትለፍ» ይላል። ለእናንተ ስንት እንደሚያስፈልግ አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ጎማው ማን እንደሚቀመጥበት አያውቅም።

ይህ ጉዳይ በቤተሰባችን ውስጥ የተነሣው በእህቴ ባል ምክንያት ነው። ጋሼ ስቶክሆልም ነው የሚኖረው፤ ክብደቱ 112 ኪሎ ነው። ሐኪሙ ጉልበት የማይጎዳ እንቅስቃሴ እንዲጀምር ስለመከረው የመጀመሪያ የኮርስ ሳይክሉን ገዛ። በአንድ ወር ውስጥ የኋላ ጎማው ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ልጅ «ከክብደትህ ነው» ብሎ ሸኘው። ጋሼ ሳይክሉን ለመሸጥ ማስታወቂያ ጽፎ ነበር።

እኔ የሶፍትዌር ሰው እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም አንድ ነገር ሦስት ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ከተበላሸ አንድ ምክንያት እንዳለው ሥራዬ አስተምሮኛል። የተበላሹትን የውስጥ ጎማዎች እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። በሦስቱም ላይ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ እባብ የነደፈው ይመስላል። ሚስማር ወይም ጠርሙስ ሲወጋ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀዳዳ ነው የሚተወው። ሁለት ጎን ለጎን ከሆኑ ግን ጎማው ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ እስከ ታች ተጨፍልቆ፣ የውስጥ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። ጋሼ ደግሞ ጋምላ ስታን የሚባለውን አሮጌ ሰፈር አቋርጦ ነው የሚሄደው፤ እዚያ መንገዱ ኮብልስቶን ነው።

(በነገራችን ላይ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጣሊያንኛ የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት።)

መጀመሪያ ያደረግነው መመዘን ነው። የቤት ሚዛን ከኋላ ጎማው ሥር አደረግን፤ የፊተኛው ጎማ እኩል ከፍታ እንዲኖረው ከሥሩ ወፍራም መጽሐፍ አስገባን። ጋሼ ግድግዳውን በጣቱ ብቻ ነካ አድርጎ ተቀመጠ፣ እህቴ ቁጥሩን አነበበች። ከዚያ ሚዛኑን ወደ ፊት አዛወርነው። ከኋላ 74 ኪሎ፣ ከፊት 51 ኪሎ። ድምሩ 125 ነው፤ እሱ ከነልብሱና ከነውሃው፣ ሳይክሉም ተጨምሮ። ከኋላ ያለው ጭነት ወደ 60 በመቶ ስለሚጠጋ ሁለቱን ጎማዎች እኩል መንፋት ትርጉም የለውም።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። የአየር ግፊት የሚለካው በባር ወይም በፒኤስአይ ነው። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። አንድ ባር ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ጭነት ማለትም ነው። ስለዚህ 74 ኪሎን ለ6 ባር ስናካፍል 12 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። የኋላው ጎማ መሬቱን የሚነካበት ቦታ ይህን ያህል ነው፤ ከክብሪት ሣጥን ያንሳል! ግፊቱን ወደ 4 ባር ብናወርደው ቦታው ወደ 18 ይሰፋል። ጎማው ይበልጥ ይሰምጣል፣ ቸርኬውም ወደ ድንጋዩ ይቀርባል።

«ታዲያ ጣሪያው ድረስ እንንፋው» አለ ጋሼ። በእኔ እምነት የከባድ ጀማሪዎች ችግር አብዛኛው እዚህ ላይ ነው። በጣም የተነፋ ጎማ ሸካራ መንገድ ላይ ይነጥራል። እጅና ወገብ ያማል፣ እርጥብ መንገድ ላይ መያዝ ይቀንሳል፣ ሲነጥርም ጉልበት ይባክናል። የጋሼ ጎማ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ነበር። ለ74 ኪሎ ጭነት 25 ሚሊ ሜትር ጠባብ ነው፤ ወይ ይቆነጠጣል፣ ወይ ድንጋይ ይሆናል።

መፍትሔው ሰፋ ያለ ጎማ ነው። በእኩል ግፊት ሰፊውም ጠባቡም መሬቱን የሚነኩበት መጠን ያው ነው። ነገር ግን የሰፊው አሻራ አጭርና ወርዱ ሰፊ ስለሚሆን ጎማው ያን ያህል አይሰምጥም፤ ከቸርኬው በታች ያለው አየርም ይበዛል። ፎርክና ፍሬኑ አካባቢ በቂ ክፍተት መኖሩን አይተን 32 ሚሊ ሜትር አስገባን። ጣሪያው 6.5 ባር ነው። ከኋላ 6፣ ከፊት 5 ብለን ጀመርን። ከዚያ በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እያስተነፈሰ ሞከረው፤ ቸርኬው አንድም ጊዜ ሳይመታ እጁ መደንዘዝ ያቆመው ከኋላ 5.7፣ ከፊት 4.8 ላይ ነው። ማስታወቂያውን አነሣው።

አንድ ነገር በጥብቅ ተመልከቱ። ቸርኬውም የራሱ ጣሪያ አለው፣ ከሁለቱ ጣሪያዎች ትንሹን ነው የምትከተሉት። አንዳንድ አዳዲስ ቸርኬዎች ጎማውን አንቆ የሚይዝ የውስጥ ከንፈር የላቸውም፤ የእነዚህ ጣሪያ 5 ባር ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው ከቦታው ሊወጣ ይችላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይህ ሕይወት ነው። ጋሼን የሚያህል ሰው እንዲህ ያለ ቸርኬ ከያዘ ከ32ም የሰፋ ጎማ ይፈልግ።

በአውራ ጣት ተጭኖ መገመት ልጅ ሆነን የምናደርገው ነው። በ4 እና በ6 ባር መካከል ያለውን ልዩነት ግን ጣት አይለይም። መለኪያ ያለው የቁም ፓምፕ ግዙ፤ ሁልጊዜም በዚያው ፓምፕ ለኩ፣ ምክንያቱም መለኪያዎች እርስ በርስ ይለያያሉ። ቀጭኑ የኮርስ ቫልቭ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ካልተፈታች አየር አያስገባም። የውስጥ ጎማ ሳይቀደድም ቀስ በቀስ ስለሚተነፍስ ከመውጣታችሁ በፊት እዩት።

የአየሩ ጠባይም አለ። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ 6 ባር የተነፋ ጎማ ውጭ ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 5.5 ይወርዳል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚገጥማችሁ። በበጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ከደረሰ ያው ጎማ 7 ባር ገደማ ይሆናል፤ የጋሼን ጎማ ጣሪያ አለፈ ማለት ነው። ሳይክሉን መኪና ውስጥ ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ አስተንፍሱት።