ግብረ ገብ የማን ነው?

«ፈጣሪ ከሌለ መልካምና ክፉ ከየት ይመጣል?» የሚለው ሙግት ሙስና በተወራ፣ ዘግናኝ ወንጀል በተሰማ፣ የግብረ ገብ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ያገረሻል። ብዙ ሰው ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይሰጣል፦ እግዜርን ያልፈራ ማንን ይፈራል? ቀጥሎም ጥፋቱ እምነት በራቀው ወጣት ላይ፣ አለዚያም በደርግ ዘመን ትምህርት ላይ ይላከካል።

ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 43.5 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 በመቶው ሙስሊም፣ 18.6 በመቶ ገደማ የሚሆነው ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። የማያምን ሰው ፈልጎ ማግኘት በሚቸግርበት አገር ጥያቄውን ደጋግሞ የሚያስነሣው የማያምን መብዛቱ ሊሆን አይችልም። ብዙም የማይወራለት ምክንያት አለ፦ አማኙ ብዙ ነው፣ መጽሐፉ ግን አንድ አይደለም። ጎረቤታሞች አንድ ደንብ ያስፈልጋቸዋል፤ ደንቡን የሚያጸኑበት ጥቅስ ግን የጋራ አይደለም።

በየካ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንም ሆነ በኮተቤ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ መዝገብ ላይ የሰፈሩበት እድር ብርቅ አይደለም። ጡሩንባ ሲነፋ ድንኳን የሚተክለው ይወጣል፣ ወንበር የሚያመላልሰው ይወጣል፤ የቀብሩ ሥርዓት እንደየሃይማኖቱ ይፈጸማል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ሲነበብ ዳኛው ከቅዱስ መጽሐፍ አይጠቅስም፤ «ነገ በአንተም ይደርሳል» ማለቱ ይበቃዋል። ቅር የሚለው አባል ይኖራል፤ ምክንያቱ ግን ለማንም አይጠፋውም።

አማኙ ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። እድርተኛው በእምነት ተኮትኩቶ ያደገ ሰው ስለሆነ የሚበላው ከዚያው ከተቋጠረለት ስንቅ ነው ይላል። ደግሞስ ሰፈር ስለተስማማበት ብቻ አንድ ነገር እውነት ይሆናል? አይሆንም። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጌታ ባሪያ ሲሸጥና ሲገዛ የኖረው በስምምነት ነበር። ፍትሐ ነገሥት ነጻነት የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን እየመሰከረ በጦርነት የተማረከ ሰው ባሪያ መሆኑን ተቀብሏል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ስምምነትም፣ የሕግ መጽሐፍም አብረው ሊሳሳቱ ከቻሉ ሁለቱንም የሚመዝን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ይህን ሚዛን ልቡና ይለዋል፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥንም በዚያው ሚዛን ኮንኗል። የግዕዝ ጽሑፎች ተመራማሪው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ በደራሲው ላይ ያለው ክርክር አልተዘጋም፤ የነገሩ ጉልበት ግን በደራሲው ማንነት አይቀንስም። ሐተታው ጸሎተኛ መጽሐፍ መሆኑ ደግሞ ሊዘነጋ አይገባም። ልቡናን የሰጠ ፈጣሪ ነው፣ ነገር ግን በፈጣሪ ስም የመጣ ትእዛዝ ሁሉ በልቡና ይመርመር ይላል። ክርክሩ በየእምነቱ ውስጥም ያረጀ ነው። በእስልምና ሊቃውንት መካከል ሙዕተዚላዎች መልካምና ክፉ በአእምሮ ይለያል ሲሉ አሽዐሪዎች መልካም አላህ ያዘዘው ነው ብለው ተከራክረዋቸዋል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ በልባቸው ስለተጻፈ ሕግ ያነሣል።

ፍልስፍና ብቻ የሚመስለው ወደ እንጦጦ ይውጣ። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጎጆና ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ማለዳ በብርድ ተጠምቆ የሚመለሰው ሕመምተኛ ክኒኑን ሰዓቱን ጠብቆ መዋጥ ነበረበት። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው የሚሉ ነበሩ፤ መድኃኒቱን ትተው የሞቱም አሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናገሩ። «ተው» ባዩም «ውሰድ» ባዩም የጠሩት አንድ አምላክ ነበር፤ በመካከላቸው የፈረደው የታማሚው በሕይወት መቆየት ነው። የትእዛዙ ትርጉም የተቃናው መልካሙን ለይቶ በሚያውቅ ሰው ነበር። ይህ ፈጣሪ የለም ለሚል ማስረጃ አይሆንም፤ ያለ ትእዛዝ መልካም አይታወቅም የሚለውን ግን ክፉኛ ያናጋል።

የዚህ ክርክር መዘዝ የሚወርደው መምህሩ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ ይሰጥ ይላል። ስለዚህ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሠልጥኖ የሚወጣ መምህር «ለምን አልሰርቅም?» ለሚለው ልጅ ጥቅስ ጠቅሶ ማለፍ አይችልም። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት እምብዛም አይርቅም ነበር፤ ደርግ ፖለቲካ ተካበት፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ዴሞክራሲን ከቁጠባ ጋር ጨምሮ 11 እሴቶች ዘረዘረ። ተማሪው ሸመደዳቸው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃና ስርቆት ስላስቸገረ ተፈታኙ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብቶ እንዲፈተን ተደረገ፤ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ለውጤቱ ማነስ ሌላም ሌላም ምክንያት አለ። ያም ሆኖ አብዛኛው ተፈታኝ አማኝ ነው፣ 11ዱንም እሴቶች ተምሯል፤ ግን ያለ ጠባቂ አልታመነም።

ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። በመማሪያው ላይ የሚሟገት ወላጅ የፈጣሪ ስም ተጠቅሷል ወይስ አልተጠቀሰም ብሎ ከመቁጠሩ በፊት ምዕራፉን ገልጦ ያንብብ። ልጁ «ለምን?» ቢል፣ አጠገቡ ለተቀመጠው የሌላ እምነት ልጅም የሚገባ መልስ ካላገኘበት፣ ቅሬታውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድ።