የማዕድን ዝቃጭና የእህል መሬት

በእርሻ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ብዙ ዐይነት ነው። አንበጣ ቢወርድ፥ በረዶ ቢመታ፥ ዝናም ቢቀር ባላገሩ በዐይኑ አይቶ ያመለክታል፤ ሹሙም ማሳውን ተመልክቶ ርዳታ ያስብለታል። ከማዕድን የሚወጣ መርዝ በአፈር ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ማሳው ለምልሞ፥ ዛላው ሞልቶ ሳለ እህሉ በላተኛውን ይጎዳል። ይህም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው በጃፓን አገር፥ በቶያማ ግዛት በሚወርደው በጂንዙ ወንዝ ዳር ነው።

ከወንዙ በላይ፥ በጊፉ ተራሮች ውስጥ፥ ካሚዮካ የሚባል የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ስፍራ ነበረ። ዚንክ ባለበት ድንጋይ ውስጥ ካድምየም የተባለ ብረት ተቀላቅሎ ይገኛል። ዚንኩ ከተለየ በኋላ የቀረው ዝቃጭ ለብዙ ዘመን ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር፤ በታች ያሉት ገበሬዎችም ከዚያው ወንዝ ውኃ እየጠለፉ ሩዛቸውን ያጠጡ ነበር። ማሳውን የሚያለማው ቦይ መርዙንም የሚያደርሰው እርሱው ራሱ ሆነ።

ካድምየም በጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል የተክሉ ሥር ለይቶ አያስቀረውም። መጠኑ እጅግ ሲበዛ ሥሩ ይቀጭጫል፥ ቅጠሉም ይገረጣል፤ ነገር ግን ተክሉ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሰውን የሚጎዳ ያህል በፍሬው ሊያከማች ይችላል። በሩዝ ማሳ ላይ ውኃ ተኝቶ ሲቆይ ይህ ብረት ከድኝ ጋር ተጣምሮ ይታሰራል፤ ለአጨዳ ተብሎ ውኃው ሲፈስስ ግን አየር ገብቶ ይፈታዋል፥ ሥሩም ፍሬው በሚሞላበት ሰዓት ይስበዋል። ኮምጣጣ አፈር ነገሩን ያብሳል፤ ኖራ ይቀንሰዋል። ከስንዴም ወገን በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ዱረም ስንዴ ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ካድምየምን የማከማቸት ጠባይ ስላለው፥ የእርሻ ሹማምንት ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

በጂንዙ ዳር ከሁሉ ይልቅ የታመሙት ብዙ ልጆች የወለዱ፥ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ነበሩ። መርዙ ኵላሊታቸውን ስላበላሸው አጥንታቸው ሳሳ፤ በሳል ብቻ እንኳ የሚሰበርባቸው ነበሩ። ከሥቃያቸው የተነሣ «ኢታይ፥ ኢታይ» ይሉ ነበርና፥ ትርጓሜውም «አመመኝ፥ አመመኝ» ማለት ነው፥ በሽታው በዚሁ ስም ተጠራ። የአገሩ ሐኪም ዶክቶር ኖቦሩ ሐጊኖ አስቀድመው ከሥራ ብዛትና ከምግብ ጉድለት የመጣ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ከእርሻው ሊቅ ከኪንኢቺ ዮሺዮካ ጋር ሆነው ምክንያቱ ካድምየም መሆኑን ገለጡ። የሕመምተኛውን አልጋ ያየ ሐኪምና የማሳውን አፈር ያየ ሊቅ ባይገናኙ ኖሮ ነገሩ ከዚያ በላይ በዘገየ ነበር። መንግሥቱ ይህንኑ ያጸናው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሰባት ዓመት ቈይቶ። ፍርድ ቤቱ በ1971 ዓ.ም. ለሕመምተኞቹ ፈረደ፤ የማዕድኑ ባለቤት የሚትሱይ ኩባንያ ይግባኝ ቢልም በ1972 ዓ.ም. ፍርዱ ጸና።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ካድምየም ያለበት ሩዝ ለምግብ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ከ0.4 እስከ 1 ሚሊግራም የተገኘበትንም መንግሥቱ ራሱ እየገዛ ለሙጫና ይህን ለመሰለ ሥራ አዋለው፤ ገበሬው ለሰው ምግብ ብሎ የደከመበት እህል ማጣበቂያ ሆኖ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወሰኑ ራሱ ወደ 0.4 ዝቅ አለ።

መሬቱን ማዳን ከሁሉ የከበደ ሆነ። ካድምየም እንደ ፍግ አይበሰብስም፥ እንደ ጨውም በዝናም ታጥቦ አያልቅም። ስለዚህ የተመረዘውን አፈር ከታች እየቀበሩ፥ ከሌላ ስፍራ የመጣ ንጹሕ አፈር ከላይ ማልበስ ግድ ሆነ። ሥራው በ1979 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2012 ዓ.ም. ሲፈጸም 33 ዓመትና ከ40 ቢልዮን የን በላይ ወሰደ። ተመርዟል ተብሎ ከተከለለው 1500 ሄክታር ያህል መሬት የተመለሰው 863 ሄክታር ነው፤ ከቀረው የሚበዛው ለመንገድና ለቤት መሥሪያ ስለ ዋለ ዳግመኛ አልታረሰም።