ከሐራራው በኋላ ያሉት ሳምንታት

ወላጆች እኔ ዘንድ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ሲስተር፣ ስንት ቀን ብንይዘው ይወጣለታል?» ልጃቸው ሄሮይን እንደሚወስድ ካወቁ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነው። ምድር ቤቱ ተዘጋጅቷል፤ አጎትየው ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፤ ስልኩን ቀምተውታል፤ አጥሚቱ ተሠርቷል። በር ዘግተው ሐራራው እስኪያልፍለት ሊጠብቁ ነው። እኔ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ በኩል፣ ሱስ በሚታከምበት ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ለነዚህ ወላጆች የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሐራራው ያሠቃየዋል፤ ብዙዎችን የሚገድላቸው ግን ከሐራራው በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው።

ሐራራው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የመጨረሻውን ከወሰደ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምረዋል። ያዛጋዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያፈሳል፤ ያልበዋል፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለውና ጠጉሩ ይቆማል። እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብስበታል፤ ወደ ሳምንቱ ገደማ ይበርድለታል። ፈሳሽ በደንብ ካልተተካለት አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በ8ኛው ቀን ገላውን ታጥቦ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ እናት እልል ትላለች፤ ስለት ይገባል፤ ቤተሰቡ «ተገላገልን» ይላል።

ሰውነቱ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሄሮይን ከኦፒየም ተክል ከሚወጣው ሞርፊን ይሠራል። በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለሳል መድኃኒት ብሎ ገበያ አውጥቶት ነበር፤ አሜሪካ በ1924 አገደችው። አንጎል ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ሞርፊን ይሆንና ሕመምንና ደስታን በሚመሩ ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል። እነዚሁ ተቀባዮች ትንፋሻችንን በሚያዘው የአንጎል ግንድ ላይም አሉ። መጠኑ ሲበዛ ሰውየው ሳያውቀው መተንፈስ ያቆማል። ሲደጋገም ሰውነት ይለምደዋል፤ ትናንት ያረካው ዛሬ አያረካውም፣ ሌላውን ሰው የሚገድል መጠን እሱ ቆሞ ይሸከመዋል። ለጥቂት ቀናት ሲያቋርጥ ይህ መላመድ መጥፋት ይጀምራል። ፍላጎቱ ግን አብሮት አይጠፋም። ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ሲያጣ፣ ከሚወዳት ሲጣላ፣ ወይም የድሮ ጓደኛው ሲደውልለት፣ ያንኑ የድሮውን መጠን ይወስዳል። በዋሽንግተን ስቴት ከእስር የተፈቱ ሰዎችን የተከታተለና በ2007 የታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዕፅ መብዛት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። በፍቅር የተዘጋ ምድር ቤትም ሰውነቱን እንደ እስር ቤቱ አጽድቶ መልሶ ወደዚያው ገበያ ነው የሚለቀው።

ገበያው ደግሞ ድሮ የነበረው አይደለም። ዛሬ በዚህ በምሥራቁ ጠረፍ «ሄሮይን» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ፈንታኒል ነው፣ ወይም ፈንታኒል የገባበት ነው። ፈንታኒል የሄሮይንን 50 እጥፍ ያህል ይበረታል። የገዛው ቀርቶ የሸጠው እንኳ ከረጢቷ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አያውቅም።

ስለዚህ ሕክምናው ሰውነትን አጽድቶ መልቀቅ ሊሆን አይችልም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ዶክተር ቪንሰንት ዶልና የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ማሪ ናይስዋንደር ሜታዶንን በየቀኑ መስጠት ጀመሩ፤ ሥራችን የቆመው በዚያ ላይ ነው። ሜታዶን ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ተቀባዮቹን ይይዛል። መጠኑ የተስተካከለለት ሰው አይሰክርም፣ ሐራራም አይይዘውም። የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን በ2005 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በሕክምናው ላይ የሚቆዩ ሰዎች የመሞት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሱስ ሕክምና ውስጥ ይህን ያህል ሕይወት የሚያተርፍ ሌላ ነገር አላየሁም።

የክሊኒካችን መድኃኒት መስጫ መስኮት ገና ሳይነጋ ይከፈታል። ወደ ግንባታ ሥራ የሚሄደው፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣችው፣ ልጇን በጋሪ የምትገፋው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዱ መታወቂያውን ያሳየኛል፤ ስሙንና የልደት ቀኑን አመሳክራለሁ። «ሌሊቱን እንዴት አደርክ? አላበህም? ቀን ላይ አላንቀላፋህም?» እለዋለሁ። ላብ ካለ መጠኑ አንሷል፤ ካንቀላፋ በዝቷል። ማሽኑ ቀዩን ፈሳሽ በትንሿ የፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳዋል። ይጠጣል፤ ኩባያዋን በውኃ አለቅልቆ እሱንም ይጠጣል፤ መዋጡን እንዳውቅ አንድ ቃል ይናገራል። የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሰው ወደ እንጀራው ይሄዳል።

መጀመሪያ ላይ መጠኑ ትንሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ሜታዶን በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከተቸኮለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራሱ ሊገድል ይችላል። «አይበቃኝም» ብሎ በላዩ ላይ ሌላ የሚጨምር ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው። ወደ ቤት የሚወሰደው ጠርሙስ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ የአንድ ሰው የቀን መጠን ሕፃን ልጅ ይገድላል።

በሰልፉ ላይ መታየት ለከበደው ቡፕረኖርፊን አለ፤ ብዙ ሰው ሰቦክሶን በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ከምላስ ሥር የሚሟሟ ስስ ወረቀት መሰል ነገር ነው። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ሐኪሞች ይህን ለማዘዝ ልዩ ፈቃድ ማውጣት ቀርቶላቸዋል፤ የቤተሰብ ሐኪምህ ሊጽፍልህ፣ ከተራ ፋርማሲ ልትወስደው ትችላለህ። ሐራራው በደንብ ሳይጀምር ከተወሰደ ግን ራሱ ድንገተኛ ሐራራ ስለሚያስነሳ፣ አጀማመሩን ሐኪም ይንገርህ። ስለ ሐሜትም የሚጨነቅ አለ። የፌዴራሉ ሕግ ያለ ታካሚው ፈቃድ እዚህ መታከሙን ለማንም እንዳንናገር ይከለክለናል፤ ለአሠሪ፣ ለአከራይ፣ ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጅ እናትም ቢሆን።

«ታዲያ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። ሄሮይን የያዘው ሰው ቀኑ በሙሉ ፍለጋ ነው፤ ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ማውጣት ይረሳል። መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ጠዋት ጠጥቶ ይረሳዋል። ሰውነቱ መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው፤ ቢያቆም ሐራራ ይይዘዋል። ሕይወቱ ግን ተመልሶለታል። ከሁሉ በላይ የምቃወመው፣ ልጁ ስድስት ወር ደህና ሲሆን «አሁንስ በቃህ፣ ተወው» የሚለውን የዘመድ ግፊት ነው። መቼ እንደሚቀንስና እንደሚያቆም እሱና ሐኪሙ ይወስኑት። አንዳንዱ ለዓመታት ይቆይበታል፤ ይህ ነውር የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚነሳው ጸበል ነው። ልጁን ወደ አገር ቤት መላክ በእኛ ማኅበረሰብ የተለመደ ነው፤ እናት ስለ ልጇ ብትጸልይ፣ ጸበል ብታስገባው ማንም ሊነቅፋት አይገባም። የምለምነው መድኃኒቱን አስጥላችሁ አትላኩት ብዬ ብቻ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ለዚህም ይሠራል። ጥቂት ወራት እንጦጦ ወይም ሽንቁሩ ጸበል ቦታ ከርሞ፣ መላመዱ ጠፍቶ፣ ያለ ምንም መከላከያ ወደ ፈንታኒሉ ገበያ የሚመለስ ልጅ ያስፈራኛል። መጓዝ የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ክሊኒኩን አማክሩ። በገልፍ አገሮች በኩል የሚያልፍ ሰው ደግሞ ያለ ፈቃድ ይህን መድኃኒት ይዞ ከተገኘ ሊታሰር ይችላል።

ስለ ጾምም ይጠይቁኛል። ሜታዶን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል። ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ሕክምናው ከተጀመረ ከወር በኋላ ክሊኒኩ ካመነበት እስከ 28 ቀን የሚሆን መድኃኒት ወደ ቤት መስጠትን ይፈቅዳል። ሙስሊም ታካሚዎቼ ረመዳን ላይ ከሱሑር ጋር ወይም በኢፍጣር ይወስዱታል። የኦርቶዶክሱን ነገር የንስሐ አባቱ ይፍታለት፤ እኔ የማውቀው መጠኑ መዘለል እንደሌለበት ነው።

መርፌ የሚጋራ ሰው ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ ሊይዘው ይችላል፤ በቆሸሸ መርፌ የገባ ባክቴሪያ የልብ ቫልቮችን ሊበላ ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በ8 ወይም በ12 ሳምንት እንክብል ይድናል፤ ስለዚህ ተመርመሩ። ነፍሰ ጡር ሴት በድንጋጤ በአንድ ቀን አታቁም፤ ለእሷም ለፅንሱም የሚመከረው ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ነው።

አሁን ቤታችሁ ስላለው ሰው። ሲጠሩት የማይሰማ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት የሚንተከተክ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ያከለ ሰው አልተኛም። «ደክሞት ነው» ተብሎ ብርድ ልብስ የለበሰና በዚያው የቀረ ልጅ አለ። የሕክምና መጻሕፍት ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ያ አይታይም፤ ከንፈሩና ጥፍሩ አመድ የመሰለ እንደሆነ፣ ድዱም እንደገረጣ እዩ። 911 ደውሉ። ናርካን የሚባለውን የናሎክሶን መርጫ በአንድ አፍንጫው ቀዳዳ ንፉለት፤ ካልተነፈሰ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፤ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሁለተኛውን ድገሙ። ሲነቃም ትታችሁት አትሂዱ፤ ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይሠራና ዕፁ ሊመለስበት ይችላል። በሜሪላንድ፣ በዲሲና በቨርጂኒያ እርዳታ ለመጥራት የደወለ ሰው በእጁ ስላለ ጥቂት ዕፅ እንዳይጠየቅ የሚጠብቁት ሕጎች አሉ።

ናርካን ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ብዙ የጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጡታል። ልጃችሁ ቢያቆምም ባያቆምም፣ ከአገር ቤት ቢመለስም፣ ሁለት መርጫ ወጥ ቤት አኑሩ፤ የት እንዳለም ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። ሕክምና የት እንደሚገኝ ካላወቃችሁ 1-800-662-4357 ቀንም ሌትም ይነሳል፤ በነፃ ነው። በር ከመዝጋታችሁ በፊት እዚያ ደውሉ።