ከጀሪካን እስከ እንስራ፦ በዕቃ ስለሚለማ አትክልት ተረትና እውነታ

በምዕራብ ጎጃም የአትክልት ቦታ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ጓሮ ነው፤ ጌሾው፣ ጎመኑና የበርበሬው ችግኝ መደብ ከቤቱ ጀርባ ሆኖ የምድጃውን አመድና የበረቱን ፍግ እያገኘ የኖረ በመሆኑ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች በኪራይ ቤት የሚኖርና ከበረንዳ ያለፈ ቦታ የሌለው ሰው አትክልት ማልማት አይሆንለትም የሚለው እምነት ከዚሁ ልማድ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ለተክል ወሳኙ ሥሩ የሚያገኘው ጥልቀት እንጂ የግቢው ስፋት አይደለም። ሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር የሚበቅል ሲሆን፣ ቲማቲምና ቃሪያ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አናቱ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንድ እግር ቲማቲም ይበቃዋል፣ በጎኑ ተጋድሞ የተከፈተው ደግሞ ለሰላጣ ይሆናል።

ዕቃ መደርደር ጠባብ ግቢን ያጨናንቃል የሚባለውም ከአደራደሩ እንጂ ከዕቃው የሚመጣ ችግር አይደለም። ጠጅ ሳር ከኋላ ከግድግዳው ሥር፣ ጽጌረዳ ወይም ጤና አዳም መካከል ላይ፣ ሐረጉ ወደ ታች የሚወርደው ስኳር ድንች ከፊት ቢቀመጥ፣ ዓይን በከፍታ እየተመራ ስለሚሄድ ጠባቡ በረንዳ ጥልቀት ያለው ይመስላል። ከአሥር ጣሳዎች ይልቅ ሁለት ትልልቅ ዕቃዎች ይመረጣሉ፤ ትንሽ ዕቃ ከበጋው ፀሐይ ፊት ግማሽ ቀን እንኳ እርጥበት ይዞ አይቆይምና።

ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የማሳ አፈር እንዳለ ለዕቃ ይሆናል የሚለው እምነት ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር፣ በአፈር ሳይንስ ናይቲሶል የሚባለው፣ በማሳ ላይ በማረሻ፣ በትልና በሥር እየተፈለፈለ አየር ሲያገኝ፣ በጀሪካን ውስጥ ግን ውሃ በፈሰሰበት ቁጥር እየረጋና እየጠጠረ ይሄዳል። በተጨማሪም የምዕራብ ጎጃም አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ይህም ማለት የአሲድነት መለኪያው ፒ ኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አልሙኒየም እየሟሟ ሥርን ያቀጭጫል፣ ፎስፈረስ የተባለውም ንጥረ ነገር ታስሮ ለተክሉ አይደርሰውም ማለት ነው። ስለሆነም አፈሩን ከእኩል መጠን የበሰለ ብስባሽና አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መሙላት ይገባል። አመድ አሲድነትን በመቀነስ ይረዳል፤ ሙሉ ማዳበሪያ ነው የሚለው ግን ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም እንጨቱም ሆነ ኩበቱ ሲነድ ቅጠል የሚያለመልመው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። በትንሽ ዕቃ ውስጥ አመድ ሲበዛም አፈሩን ወደ ሌላው ጽንፍ ይወስደዋል።

ከዕቃው ሥር ጠጠር ቢነጠፍ ውሃው ቶሎ ይወርዳል የሚለው እምነት በሌላውም ዓለም የተስፋፋ ነው፤ ጠጠር መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ በመሆኑ ግምቱ ትክክል ይመስላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚሻገረው የላይኛው አፈር ጠግቦ ሲያበቃ ብቻ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ዕቃ ግርጌ የሚቀረው ጭቃማ ክፍል በጠጠሩ ከፍታ ልክ ወደ ላይ ተገፍቶ ሥሩ ወዳለበት ይጠጋል። በውሃ የተነከረ ስፖንጅ ተጋድሞ መንጠባጠቡን ካቆመ በኋላ ቀጥ ተደርጎ ሲያዝ እንደገና ይንጠባጠባል፤ የአፈርም ጠባይ ይኸው ነው፣ ቁመቱ ሲጨምር በደንብ ይጠነፈፋል፣ ቁመቱን በጠጠር መቀነስ ግን ውሃ ያቁርበታል። የሚያስፈልገው በጋለ ምስማር ከሥር አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳ መብሳት፣ አፈሩ እንዳይወጣ ቁራጭ ጨርቅ ማልበስና ዕቃውን በሁለት ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የተሰነጠቀ እንስራ ከተገኘ፣ ገላው ስለሚተነፍስ ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ በአንጻሩ ውሃ አብዝቶ ይጠይቃል።

በክረምት ማጠጣት አያስፈልግም የሚባለው ከፊል እውነት ነው። ከጣሪያ ከፈፍ ሥር ያለ ዕቃ በሐምሌም ሊደርቅ ይችላል፤ ሜዳ ላይ ያለው ደግሞ ዝናቡ ናይትሮጅኑን አጥቦ ስለሚወስድበት ብስባሽ ሊታከልለት ይገባል።

ፀሐይንም በተመለከተ ከውጭ መጻሕፍት የሚወሰደው፣ ዕቃውን በግድግዳው ደቡባዊ ጎን አኑሩ የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል አልፈው ስለሚገኙ፣ ከሚያዝያ 10 እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በግድግዳው ደቡባዊ ጎን በበጋ ሲለመልም የከረመ ቃሪያ በግንቦት ጥላ ሊወርድበት ይችላል፤ መሬት ላይ የተተከለው የማያገኘው ዕድል ግን አለው፣ ተነሥቶ ወደ ሌላው ጎን ሊዛወር ይችላል።

አንድ እምነት ግን ለጤና አደገኛ ነው፤ የጸረ ተባይ ወይም የጸረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ደጋግሞ ከታጠበ ለጎመን ይሆናል የሚለው። ፕላስቲክ ኬሚካሉን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ በማጠብ አይለቅም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሚበላ ተክልም ሆነ ለውሃ መቅጃ ከቶ መዋል የለበትም፣ ባዶውን ያገኘ ሁሉ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ይብሳው።