የዚያራ ቪዛ ሐጅ አያስደርግም፦ ከባሕር ዳር ለሚነሱ እናቶችና አባቶች



ረመዷን ሲቃረብ፣ ከዚያም ሸዋል ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። ጅዳ ወይም ሪያድ ያለ ልጅ እናቱን ማምጣት ይፈልጋል። ደላላው ደግሞ «የዚያራ ቪዛ ይውጣላት፣ ርካሽ ነው፣ እዚያ ከገባች በኋላ ሐጅም ታደርጋለች» ይላል። የዓመታት ቁጠባ፣ አንዳንዴም የተሸጠ ከብት፣ በዚህች አንድ ቃል ላይ ይጣላል። የቃሉ መጀመሪያ እውነት ሊሆን ይችላል። መጨረሻው ግን ሐሰት ነው።

ለአጭር ጊዜ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም በዋናነት የሚያስፈልጉት የቪዛ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። የዑምራ ቪዛ በጉዞ ወኪል በኩል ይወጣል፤ የሆቴልና የመጓጓዣ ውሉም «ኑሱክ» በተባለው የሳዑዲ መንግሥት መዝገብ ላይ አብሮ ይያያዛል። የዚያራ ቪዛ ጋባዥ ይፈልጋል። ጋባዡ ኢቃማው ያልተቃጠለ የቅርብ ዘመድ ከሆነ የቤተሰብ ዚያራ፣ የሳዑዲ ዜጋ ከሆነ የግል ዚያራ ይባላል። በዚያራ የገባ ሰው ዑምራ ማድረግ ይችላል። ሐጅ ግን የራሱ ቪዛና የራሱ ተስሪሕ አለው፤ ከኢትዮጵያ ለሐጅ የሚሄድ ሰው የሚመዘገበውም በመጅሊስ፣ ማለትም በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው።

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለ ዘመድ «እኔ በስልኬ ሞልቼ ወዲያው አወጣሁ» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የእሱ ፓስፖርት ሌላ ነው። ያ የቱሪስት ቪዛ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀመር የተፈቀደው ለ49 ሀገራት ዜጎች ሲሆን ኢትዮጵያ ከነሱ ውስጥ አልነበረችም።

በዚያራ ቪዛ ሐጅ ማድረግ ለምን ይህን ያህል ተከለከለ? የ1445 ሂጅሪያ (2024 እ.ኤ.አ.) ሐጅ ምላሽ ይሰጣል። በዚያ ዓመት በመስጂደል ሐረም ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ሳዑዲ ዐረቢያ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቃለች፤ ከመቶ 83ቱ ፈቃድ ያልነበራቸው እንደሆኑም ገልጻለች። ተስሪሕ የሌለው ሰው በሚና የተመደበ ድንኳን የለውም፣ የሚሳፈርበት አውቶቡስም የለውም፤ በዚያ ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ወጣት እንኳ የማይችለውን ነገር ለስድሳ አምስት ዓመት እናት «ትችያለሽ» ማለት በነፍሷ መቀለድ ነው። የሳዑዲ የታላላቅ ዑለማእ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ ሐጅ መሄድ እንደማይፈቀድ፣ ያደረገውም ኃጢአት እንዳለበት ገልጿል።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በ2025 የሳዑዲ አገር ውስጥ ሚኒስቴር ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት ያለ ፈቃድ ሐጅ ሊያደርግ የሞከረ ሰው እስከ 20,000 ሪያል ይቀጣል። ከዙልቂዕዳ 1 እስከ ዙልሒጃ 14 ባለው ጊዜ በዚያራ ቪዛ ይዞ መካ የገባ ወይም የቆየ ሰውም እንዲሁ። ቪዛውን ያስወጣለት ሰው ደግሞ እስከ 100,000 ሪያል ይጠየቃል። ይህ ማለት እናቷን የጋበዘች ልጅ ከእናቷ የበለጠ ትቀጣለች ማለት ነው። ኑሮዋን ፈቅዳ የምታጠፋ ልጅ የለችም፤ ብዙዎቹ ግን ይህን አያውቁም። ቪዛው ተቃጥሎበት ሐጅ ሲያደርግ ተይዞ የሚባረር ሰው ለአሥር ዓመት ወደ ሳዑዲ እንዳይገባ ይታገዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን ላይ ነው። የዑምራ ቪዛ እስከ 90 ቀን ያስቆያል ሲባል ሰው ዘጠና ቀን ይቆጥራል። ሐጅ ሲቃረብ ግን ዘጠናው ሳይሞላ የመውጫ ቀን ይታወጃል። በ1446 የዑምራ ሰው የመጨረሻ መግቢያ ቀኑ ኤፕሪል 13፣ የመጨረሻ መውጫው ኤፕሪል 29 ቀን 2025 ነበር፤ ኤፕሪል 29 ዙልቂዕዳ 1 መሆኑ ነው። በረመዷን መጨረሻ የገባ ሰው የነበረው አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የዓመቱን ማስታወቂያ ይጠይቁ።

ዚያራ ላይ ደግሞ ሌላ ለውጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1/2025 ጀምሮ ሳዑዲ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ14 ሀገራት ዜጎች ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን የአንድ ዓመት ቪዛ አቁማ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ፣ 30 ቀን የሚቆይ እንዲሆን አድርጋለች። «ዓመቱን ሙሉ እየወጣሽ ትገቢያለሽ» የሚል ደላላ የድሮውን እየነገረዎት ነው።

ቪዛው በእጅዎ ሲገባ መድረሳ የቀራ ልጅ ጠርተው ዐረብኛውን ያስነብቡት። መርከዙ ላይ ኪታብ የሚያነብ ልጅ እያለ ቪዛውን ራሱ ደላላው እንዲተረጉምልን መጠበቅ ይገርመኛል። «ነውዑት ተእሺራ» ከሚለው ጎን የቪዛው ዓይነት አለ፤ ዑምራ ነው ዚያራ እዚያ ይታያል። «ሙደቱል ኢቃማ» መቆየት የሚቻልበት የቀን ብዛት ነው። ቪዛው የሚያገለግልበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ለብቻው ተጽፏል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቪዛው እውነተኛ መሆኑንም በሳዑዲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቪዛ ገጽ ላይ በማመልከቻ ቁጥሩና በፓስፖርት ቁጥሩ ማጣራት ይቻላል። የማመልከቻ ቁጥሩን አልሰጥም ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ለፓስፖርት የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ባሕር ዳር ላይ ቅርንጫፍ አለው። የልደት የምስክር ወረቀትና የቀበሌ መታወቂያ ይጠየቃሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ አብዛኞቹ እናቶቻችን የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ከደልጊ ወይም ከቁንዝላ በጀልባ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ በመኖሪያ ቀበሌው ይህን ቢጨርስ ሁለት ጊዜ ሐይቁን ከማቋረጥ ይድናል። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። ኸዲጃ፣ ከድጃ፣ ኸድጃ፤ ሰይድ፣ ሰኢድ፤ በእኛ ፊደል እንደ ጸሐፊው ይለያያል፣ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። መታወቂያው፣ የልደት ወረቀቱና ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ለቤተሰብ ዚያራ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ላይ የሚገናኝ ስም የለም። ዝምድናውን የሚያሳየው የእናት ስም ያለበት የልጅቱ የልደት ወረቀት ነው፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ እንዲቀርብ ሊጠየቅ ይችላል።

ለዑምራ የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ሲሆን ከመግባት ቢያንስ አሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድም ይጠየቃል፤ ይህኛው አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆኑ፣ የቢጫ ወባ ክትባት የመጀመሪያቸው የሆነ ሰዎች ግን ከመወጋታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ በዚህ ዕድሜ ከወጣቶች ይልቅ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

መንገዱን በሚመለከት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። የአዲስ አበባ መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የቪዛውን፣ የትኬቱንና የክትባት ካርዱን ወረቀት አትመው ይያዙ፤ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ሰነድ ኔትወርክ ሲጠፋ የለም ማለት ነው። በአውቶቡስ የሚሄዱ ከሆነ ከበረራው ሦስት አራት ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ። ዋናውን ፓስፖርት በማያውቁት ሾፌር እጅ አይላኩ።

መዲና ሲደርሱ ረውዷ ውስጥ ለመስገድ በኑሱክ መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮው በመደበኛው አሠራር ለአንድ ሰው በ365 ቀን አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ይህ ያመልጣቸዋል። መተግበሪያውን ከባሕር ዳር ሳይነሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በፓስፖርታቸውና በቪዛ ቁጥራቸው ይክፈትላቸው።