የጥንት መንግሥታት ውድቀትና የዘመናችን ገበያ
ከአክሱም እስከ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

ኃያላን መንግሥታት ስለ ወደቁበት ምክንያት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የጦርነቱ ቀንና የንጉሡ ስም ነው። የነጋዴ መዝገብ ግን ሌላ ታሪክ ይነግራል። ጠላት ከበር ከመድረሱ ከብዙ ዘመን አስቀድሞ መንገዱ ይጠባል፤ ኬላው ይበዛል፤ ገንዘቡ ክብሩን ያጣል፤ ዛፉ ተቆርጦ ምንጩ ይደርቃል። የውድቀት ምልክት አስቀድሞ የሚታየው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በገበያ ነው። ገበያም ፈጽሞ አይሞትም፤ ስፍራው አልመች ሲለው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል እንጂ።

ይህን ለመመልከት ሩቅ መጓዝ አያስፈልግም። አዲስ አበባ በሦስት በኩል ሦስት በሮች አሏት፤ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በምዕራብ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በሰሜን በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። የዋና ከተማይቱ እህል፣ ቡናና ውሃ በአመዛኙ በእነዚህና በመሰል በሮች የሚገባ ስለ ሆነ፣ የጥንቱን ታሪክ ከእነርሱ ጋር ማስተያየት ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የባሕር መንገድና ሰበታ

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ የተባለው የነጋድያን መምሪያ፣ የአዱሊስን ወደብና የአክሱምን ከተማ ያነሣል። ከወደቡ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ ነበር። ወደ ውጭ የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ይላካል፤ ወደ አገር ውስጥ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ብረት፣ ወይንና ዘይት ይገባል። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ማኒ የተባለው የፋርስ የሃይማኖት መምህር አክሱምን ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት እንደ አንዱ ቆጥሯታል።

ይህች ከተማ በአንድ ቀን አልወደቀችም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ ወደ ዐረቦች እጅ ገባ፤ በ762 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ከተመሠረተች በኋላም ብዙው የሕንድ ሸቀጥ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ በኩል መሄድ ጀመረ። የአክሱም ነጋዴ እንደ ወትሮው ሲራራውን ጭኖ ወደ ባሕሩ ይወርድ ይሆናል፤ ገዢው ግን በዚያ አልነበረም። ከዘመናት በኋላ በዚህ ባሕር ዳርቻ የገነኑት ዳህላክና ዘይላ ሆኑ።

በዛሬው ዘመን ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ ከውጭ ንግዷም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ የባቡር ሐዲድ በዚህ በኩል የሚነሣው ከሰበታ ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያው ሳምንት ግን በሰበታና በአካባቢው ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። የቁጣው አንዱ ሥር የመሬት ጥያቄ ነበር፤ ይህም በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን በተነገረ ጊዜ ጎልቶ ወጥቶ ነበር፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል።

ንጉሥ ዔዛና የቤጃን ሕዝብ ወደ ሌላ ስፍራ ባዛወረ ጊዜ በመንገድ እንጀራና ጠላ፣ ከዚያም ከብትና መሬት እንደ ሰጣቸው በድንጋይ አስጽፏል። ሰውን ከስፍራው የሚያነሣ መንግሥት መቋቋሚያውን ማሰናዳት እንደሚገባው በዚያ ዘመን እንኳ የታወቀ ነበር ማለት ነው። መንገድ ከሚያልፍበት ሕዝብ ጋር ካልተስማማ፣ ሐዲዱ ብረት ቢሆንም ንግዱ በጭድ ላይ እንደ ቆመ ይቆጠራል።

ዛፍ፣ አፈርና ውሃ፤ ቡራዩ

ካርል ቡትዘር የተባሉት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአክሱም ዙሪያ መሬት ያለ ዕረፍት በመታረሱና ዛፉ በመቆረጡ አፈሩ እንደ ተሸረሸረ፣ ዝናሙም እንደ ቀነሰ፣ ይህም ለከተማይቱ መድከም አንድ ምክንያት እንደ ሆነ ጽፈዋል። የአፈሩ መሸርሸር ምን ያህል እንደ ነበር ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንት ቢከራከሩበትም፣ ከተማ ከዙሪያዋ ማገዶና ውሃ ውጭ መኖር እንደማትችል የሚክድ የለም።

ለዚህ ቅርብ ምስክር አዲስ አበባ ራስዋ ናት። በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንጦጦ ዙሪያ ደን ተመንጥሮ ማገዶ ስለ ጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በምዕራብ በኩል አዲስ ዓለምን አዲስ መናገሻ ሊያደርጉ ተነሥተው ነበር። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው ዛሬ ቡራዩ በተባለችው ስፍራ ነው። ከተማይቱን ከመሰደድ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ሆነ። የሮማም የአክሱምም ሰዎች ያላገኙትን ዕድል አዲስ አበባ አገኘች፤ ጉድለቱ ገና በጊዜው ታየ፤ መድኃኒቱም ተተከለ።

በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በዚሁ በቡራዩ በኩል ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ግድቡን የሚሞላው የዝናም ውሃ የሚወርድበት መስክ በቤትና በመጋዘን የመሸፈን አደጋ አለበት። ግድብ በደለል ቢሞላ ጉዳቱ የውሃ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሆቴሉ፣ የዳቦ ቤቱና የፋብሪካውም ኪሣራ ነው።

ኬላና የመንገድ ሰላም፤ ሱሉልታ

በዘመነ መሳፍንት፣ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ፣ በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው አንድ ሕግ ነው። ከግቤ አገሮች ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ወደ ጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ በየመሳፍንቱ ወሰን ኬላ ይጠብቀው ነበር። አንዱ ኬላ የሚወስደው ጥቂት ቢመስልም፣ ሲደማመር ትርፉን ይበላል። መንግሥት የደከመው ቀረጥ ስላነሰው አይደለም፤ ቀራጩ ስለ በዛ እንጂ።

ሱሉልታ ዛሬ የጎጃም ጤፍ ወደ ዋና ከተማ የሚገባበት በር ናት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በዚህ መንገድ ጉዞን በተደጋጋሚ አውኳል። እንደዚሁም በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግፍ ብዙ ሰዎች ሲሞቱ በሺህ የሚቆጠሩት ቤታቸውንና ሱቃቸውን ጥለው ተሰደዋል። የሰው ሕይወት በዋጋ አይተመንም፤ ነገር ግን መንገድና ሰፈር ሰላም ባጣ ጊዜ የኩንታል ዋጋ በባለ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ወዲያው ይታያል። መኪናው የቆመበት እያንዳንዱ ቀን፣ በየኬላው የተከፈለው እያንዳንዱ ብር፣ በመጨረሻ የሚወራረደው ከሸማቹ ኪስ ነው።

የገንዘብ እምነት

በሮማ በአውግስጦስ ዘመን ዲናሩ ንጹሕ ብር ለመባል የቀረበ ነበር። በ270 እ.ኤ.አ. ገደማ ግን በዋናው የብር ገንዘብ ውስጥ የቀረው ብር ከ5 በመቶ በታች ሆነ። ዲዮቅልጥያኖስ በ301 እ.ኤ.አ. የዋጋ ጣሪያ በአዋጅ ቢወስንም፣ አዋጁ ዋጋውን ሊያረጋጋው አልቻለም። የአክሱም ወርቅ ገንዘብም ወርቁ ከንጉሥ ወደ ንጉሥ እየሳሳ ሄዶ፣ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መታተሙ ቀረ።

ከዚህ በተቃራኒ የማርትሬዛ ብር 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዘ፣ 28 ግራም ክብደቱን ሳይለውጥ በመቆየቱ የኢትዮጵያ ነጋዴ ከምኒልክ ብር ይልቅ እርሱን ሲመርጥ ኖሯል። ነጋዴ የሚያከብረው የንጉሡን መልክ ሳይሆን የማይለወጠውን ሚዛን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ከጥንት ነገሥታት ሥራ ጋር አንድ አይደለም፤ እነርሱ መዳቡን በብሩ ውስጥ ሸሸጉት፣ የዛሬው ግን በይፋ ታወጀ። ላኪው ከምርቱ የሚያገኘው ብር ሲጨምር፣ አስመጪው ዕቃውን ለመተካት እጥፍ ገንዘብ ማሰናዳት ግድ ሆነበት። ፈተናው ግን የጥንቱ ነው፤ ዛሬ የተሸጠው ዕቃ ነገ በዚያው ገንዘብ ይተካልን?

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ታሪክ ትንቢት አይደለም። አክሱም ስለ ወደቀች አዲስ አበባ ትወድቃለች ማለት አይቻልም። የጥንት ነጋዴ የሩቁን ወሬ ከወራት በኋላ ይሰማ ነበር፤ የዛሬው በዚያው ቀን ይሰማል። የጥንቱ ብቻውን ለቀራጩ ይሰግድ ነበር፤ የዛሬው በማኅበሩና በንግድ ምክር ቤቱ በኩል አቤት ማለት ይችላል።

ስለዚህ የነጋዴ ድርሻ ትርፉን መቁጠር ብቻ አይሆንም። መጋዘኑን ሲሠራ የጎረቤቱን አርሶ አደር ልጅ ሥራ ማስያዝ፣ የውሃውን መውረጃ አለመድፈን፣ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ መጠየቅና መስጠት፣ ሕገ ወጡን ኬላ በዝምታ ከመክፈል ይልቅ በአንድነት ማመልከት፣ ሚዛንን አለመቀሸብ፣ እነዚህ ሁሉ የንግድ ሥራ ክፍሎች ናቸው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሮቻቸው ክፍት ሆነው፣ በበሩ ዳር የሚኖረውም ሕዝብ ከሚያልፈው ሀብት ድርሻውን ካገኘ፣ ገበያው ሌላ አገር የሚፈልግበት ምክንያት አይኖርም።